ዳኛዋ ፈታችው፣ ሕጉ አሰረው፡ የስዬ አብርሃ የዋስትና ጉዳይ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች ባንዱ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ትዕይንት ያውቀዋል። ቲቪው ላይ የሆነ የቀድሞ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ በቁጥጥር ስር ዋለ የሚል ዜና ሲመጣ ቤቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ይበለው! ሌባ ነው" ይላል፣ ግማሹ ደሞ "ኧረ ተወኝ ባክህ፣ ሲበሉ አብረው ነበሩ፣ አሁን ስለተጣሉ ነው" ይላል፣ ከዛ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጨዋታው ወደ ኳስ ይሄዳል። ባለፈው እኔም "ፖለቲካ ነው" ከሚሉት ጋር ሆኜ ሳወራ ጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽበታም ጠበቃ ከጋዜጣቸው ቀና ብለው "አንተ ልጅ፣ ሌባም ፖለቲካም መሆን አይችልም ያለህ ማነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "የስዬን ነገር ታውቃለህ?" አሉ። በጅምላ ነበር የማውቀው፣ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ማለት ነው። ከዛ ቀን በኋላ ግን አዋጆቹን እያገላበጥኩ፣ ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎችን እየነዘነዝኩ ቆየሁ፣ ይሄ ጽሁፍ የዛ ውጤት ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም። የኤርትራ ጦርነት በ1992 አልቆ የአልጀርስ ስምምነት ታኅሣሥ 1993 ላይ ከተፈረመ በኋላ ሕወሓት ውስጥ የቆየ ቂምና የሐሳብ ልዩነት ፈነዳ። ጦርነቱ እንዴት ተመራ፣ ለምን እዛ ላይ ቆመ፣ ስምምነቱ ምን ሰጠን ምን ነሳን የሚለው አንዱ ነበር፣ መለስ ዜናዊ ደሞ ሌላ አጀንዳ ይዘው መጡ፣ ቦናፓርቲዝም የሚሉት፣ ባጭሩ ድርጅቱ ውስጡ በስብሷል፣ መንግሥት የግል መበልፀጊያ እየሆነ ነው የሚል። "ብስበሳ" እና "ተሃድሶ" የሚሉት ቃላት ከዛ ወዲህ ነው የሰው አፍ ላይ የቀሩት። መጋቢት 1993 ላይ 12 የሚሆኑ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ተቃውመው ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ከነሱ ውስጥ ትልቁ ስም ስዬ አብርሃ ነበር። በሽግግሩ ዘመን የመከላከያ ሚኒስትር፣ ከዛ ኤፈርትን፣ የድርጅቱን የንግድ ኩባንያዎች የያዘውን ተቋም፣ የመራ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደሞ እንደገና ወደ ወታደራዊ አመራሩ የተጠራ ሰው። ማለትም ተራ ካድሬ አይደለም፣ የቤቱ ልጅ ነው፣ የቤቱን ምሰሶ ካቆሙት አንዱ።

እንግዲህ ቀኑን ልብ በሉ። ክፍፍሉ መጋቢት ላይ ነው። ግንቦት 1993 ላይ አዋጅ ቁጥር 235/1993 ወጥቶ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፣ አብሮት 236/1993 የሚባለው የልዩ ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ወጣ። ኮሚሽኑ መርማሪም ዐቃቤ ሕግም ነው፣ ተጠሪነቱ ደሞ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር በጣም ወሳኝ ናት፣ ምክንያቱም በዛ ሰዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአንደኛው ወገን መሪ ናቸው። ኮሚሽኑ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ደሞ ከሌላኛው ወገን ስዬን ያዘ፣ ወንድሞቹም ታሰሩ፣ ከ12ቱ አንዱ የነበረው ቢተው በላይም ታሰረ፣ በዛው ማዕበል የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የነበረው አባተ ኪሾም ከሥልጣን ተነስቶ በሙስና ገባ።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና፣ የጊዜው መገጣጠም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሀገራችን ተረት "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል፣ እና ተረቱ ልክ ከሆነ ማንኛውንም የተሻረ ሹም ፈትሸህ የሆነ ነገር አታጣም። ትልቁ ችግርም እሱ ነው። ሁሉም ሰው ፋይል ካለው፣ ፋይሉ የሚመዘዝበትን ቀን የሚመርጠው ሰው ነው ጌታው። ሌላው ደሞ፣ ከ12ቱ ሁሉም አልታሰሩም፣ ለምሳሌ ገብሩ አሥራት ሙስና የሚል ክስ ሳይመጣበት ቆይቶ በኋላ ዓረና የሚባለውን ፓርቲ መሥርቷል፣ አባይ ፀሐዬ ደሞ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ድርጅቱ ተመልሶ ሥልጣን ላይ ቆይቷል። ስለዚ "የተቃወመ በሙሉ ታሰረ" ማለት አይቻልም። የመንግሥት ደጋፊ ቢሆን የሚመዘው መልስ ይሄ ነው፣ መልሱም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስዬ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ መዝገቡ የደረሳት ዳኛ ገና 30 ያልሞላት የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። ፖሊስ እንደተለመደው ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ጊዜ ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ልደታ የተመላለሰ ሰው ይሄን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቀዋል፣ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ 14 ቀን 14 ቀን እየተባለ የሚሄድ ነገር ነው፣ ብዙ ዳኛም ቀና ብሎ ሳያይ ይፈቅዳል። ብርቱካን ግን መዝገቡን አይታ ሰውየው በዋስ ይውጣ ብላ አዘዘች። በቃ። ያደረገችው ይሄን ብቻ ነው፣ ነፃ ነህ አላለችውም፣ አልሰረቅክም አላለችውም፣ ውጭ ሆነህ ተከራከር ነው ያለችው።

ስዬ ወጣ፣ ግን ቤቱ አልደረሰም፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ፖሊስ መልሶ ያዘው። ያን ጊዜ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ አከራዮች ነበሩ፣ የማይገዛ ሰው በሳንቲም ተከራይቶ አስፋልት ዳር ቁጢጥ ብሎ አንብቦ የሚመልስ፣ ጠበቃው ጋሼ እንደሚሉት የዛን ሰሞን ጋዜጣ ለመከራየት ወረፋ ነበር። "እኛ ሕግ የተማርነው ሰዎች" አሉኝ "ስለ ስዬ አይደለም የደነገጥነው፣ ስለ ወረቀቷ ነው፣ የዳኛ ፊርማ ያለባት ወረቀት እኮ ናት፣ በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም ሰው ባለበት ሀገር።"

ከዛ በጣም የሚገርመው መጣ። በቀናት ውስጥ ምክር ቤቱ፣ ማለትም እዛው አራት ኪሎ ያለው ፓርላማ፣ አዋጅ 236ን የሚያሻሽል አዋጅ አወጣ፣ ቁጥሩ 239/1993 ነው፣ ሰኔ ላይ። ዋናው ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፣ በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም። አለቀ። ብዙ ሰው ይሄን ሕግ "የስዬ ሕግ" ይለዋል፣ አዋጁ ውስጥ ስሙ ባይኖርም።

እስቲ ይሄን ነገር ረጋ ብለን እንየው ምክንያቱም የፖለቲካ ተፅዕኖ አለበት የሚለው ክርክር የሚቆመው ወይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሰረቀ አልሰረቀም የሚለው ላይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት አላቸው ይላል፣ ቀጥሎ ደሞ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ላለመቀበል ይችላል ይላል። የመንግሥት ወገን የሚይዘው "በሕግ በተደነገጉ" የሚለውን ነው፣ ይኸው ሕግ ወጣ፣ ምን ጎደለ? ደሞ እውነት ለመናገር ይሄ ክርክር ውሃ ያነሳል። ዋስትና የሚከለክል ሕግ በ1993 የተፈጠረ አይደለም፣ በ1954 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 63 ላይ ለከባድ ወንጀሎች ዋስትና ይከለክላል። የጠበቆቹ ወገን ደሞ "ፍርድ ቤት" የሚለውን ቃል ይይዛል፣ ላለመቀበል "ይችላል" የተባለው ዳኛው ነው፣ አይቶ መዝኖ፣ ሕጉ ግን ዳኛውን ከመሀል አውጥቶት ፖሊስ "ሙስና" ብሎ ከጻፈ ዳኛው ማኅተም መቺ ብቻ ሆነ ይላሉ። እኔ የምደግፈው ሁለተኛውን ነው፣ ግን አንደኛውን ሞኝነት ነው ብዬ አልንቀውም።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የወጣው ከዳኛዋ ትዕዛዝ በኋላ ነው። ኳስ የሚወድ ሰው ይገባዋል፣ ጎሉ ከገባ በኋላ የኦፍሳይድ መስመሩን እንደማንሳት ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ለሙስና ዋስትና መከልከል አስፈላጊ ነው ያለ ሰው እኔ አልሰማሁም፣ ያው 236 አዋጅ ራሱ ከሳምንታት በፊት በዛው ምክር ቤት እጅ ነው የወጣው፣ ያኔ ጠቅላላ ክልከላ ማስገባት ይችሉ ነበር፣ አላስገቡም። መካከል ላይ የተለወጠ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አንድ ሰው በዋስ መውጣቱ። ስለዚ "ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው" የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ሕጉ ለሁሉም ይሠራል፣ የተሰፋው ግን በአንድ ሰው ልክ ነው።

እና በአንድ ሰው ልክ የተሰፋው ልብስ ማን ላይ ተጫነ መሰላችሁ? ብዙ ሰው የማያወራው ክፍል ይሄ ነው። ከ1993 እስከ 1997 ድረስ፣ አዋጅ 434/1997 መጥቶ እስኪያሻሽለው፣ በሙስና የተያዘ ማንም ዋስትና የለውም ማለት ነው። ማንም ማለት የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር ብቻ አይደለም፣ መታወቂያ ለማደስ ጥቂት ብር ተቀበለ የተባለ የቀበሌ ፀሐፊም ነው፣ የመዝገብ ቤት ተላላኪም ነው። ጋሼ እንዲህ ዓይነት ደንበኞች ነበሩኝ አሉ፣ ቢፈረድባቸው ኖሮ ከሚታሰሩት በላይ ፍርድ ሲጠብቁ የታሰሩ። "ትልልቆቹ ሲጋፉ ሣሩ እኛ ነን" ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም።

የስዬ ራሱ መዝገብ ደሞ እንዲሁ ሆነ። ሥልጣንን አላግባብ ተጠቅሞ ለራስና ለቤተሰብ ጥቅም ማዋል የሚል ዓይነት ክስ ነው፣ ቀጠሮ በቀጠሮ እየተገፋ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ፣ ስድስት ዓመት ታስሮ በመጨረሻ ጥፋተኛ ተባለ፣ የተፈረደበት አምስት ዓመት። ታስሮ የቆየው ከተፈረደበት በለጠ፣ በ1999 ክረምት ወጣ። ጥፋተኛ መባሉን የሚረሱ ደጋፊዎቹ አሉ፣ እሱን መርሳት ልክ አይደለም። ግን ዋስትናው ባይነጠቅ ኖሮ ያ ስድስት ዓመት ምን ይመስል ነበር የሚለውን ጥያቄ ፍርዱ አይመልሰውም፣ ሊመልሰውም አይችልም።

አሁን ዳኛዋ ጋ እንመለስ፣ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ጉድ ያለው እዛ ነው። ብርቱካን ዳኝነቱን ትታ ፖለቲካ ገባች፣ ቅንጅት በሚባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ውስጥ ምክትል ሊቀመንበር ሆነች፣ ከምርጫ 97 በኋላ ጥቅምት 1998 ላይ ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታሰረች፣ ሐምሌ 1999 ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ ከቀናት በኋላ በይቅርታ ወጣች። ልብ በሉ፣ ያሰረችው ሳይሆን የፈታችው ሰውዬና እሷ በአንድ ክረምት ነው ከእስር የወጡት። ከዛ ስዊድን ሄዳ ይቅርታው በሽማግሌ ድርድር የመጣ እንጂ መንግሥት እንደሚለው ጠይቀን ያገኘነው አይደለም የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረች ተብሎ፣ አስተባብይ ተባለች፣ እምቢ አለች፣ ታኅሣሥ 2001 ላይ ይቅርታው ተነስቶ ዕድሜ ልኩ ተመለሰባት፣ እስከ መስከረም 2003 ታሰረች። እሷ ታስራ እያለች ፓርቲዋን አንድነትን ከተቀላቀሉት አንዱ ማን ነበር? ስዬ አብርሃ። ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ጋር። ልብ ወለድ ጻፍ ብትባል እንዲህ አድርገህ ብትጽፍ ተጋነነ ይሉህ ነበር።

ነጋሶን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም በ1993ቱ ንዝረት ከኢሕአዴግ ተለይቶ ነው ከፕሬዚዳንትነት የወጣው፣ እና በ1994 የቀድሞ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ እንዳይገባ የሚል ነገር ያለበት አዋጅ 255/1994 ወጣ፣ በ1997 በግል ሲወዳደር የጡረታ ጥቅማ ጥቅሙን አጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰውዬ፣ ሁለት በልክ የተሰፋ ሕግ። ከዚህ በኋላ አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ጋ ብዙ አልከራከርም።

ግን ስዬን ቅዱስ አድርገን እንዳንጨርሰው። የሱ ቤት ነው ይሄን ቤት የሠራው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ታምራት ላይኔ በ1989 ከድርጅቱ ተባርሮ በሙስና ታስሮ በ1992 18 ዓመት ሲፈረድበት ስዬ ውጭ ነበር፣ ወንበሩ ላይ ነበር። ታምራትም ሌባ ተብሎ፣ ደጋፊዎቹም ፖለቲካ ነው ብለው፣ ሕዝቡም "ይበለው" ብሎ ነበር። ያኔ ለምን ከድርጅት በተባረረ ማግስት የሚለውን ጥያቄ ከነሱ ውስጥ ጮክ ብሎ የጠየቀ አልሰማንም። እና ታምራት የተፈታው መቼ መሰላችሁ፣ ታኅሣሥ 2001፣ ብርቱካን መልሳ በታሰረችበት በዛው ወር። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ሲዘጋ።

"ታዲያ ጋሼ፣ በምን እንለየዋለን?" ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ፖለቲካውን ከፍትሑ። ቀጥታ መልስ አልሰጡኝም፣ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፣ ግን ከወሬያቸው የገባኝ እንዲህ ነው። ተከሳሹን አትይ፣ አጠገቡ የቆመውን እይ፣ ያንኑ ሥራ አብሮት የሠራና ያልተጣላ ሰው ዛሬ የት ነው ያለው? ቀኑን እይ፣ ፋይሉ ስንት ዓመት ተኝቶ በየትኛው ስብሰባ ማግስት ነቃ? ከሁሉ በላይ ደሞ መንግሥት ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ እይ። ዐቃቤ ሕግ በአንድ ትዕዛዝ ሲሸነፍ ይግባኝ ካለ ደህና ነው፣ ይግባኝ ሳይል ፓርላማ ከሄደ እዛ ጋ ነገር አለ። የስዬ ጉዳይ ላይ ይሄ ሦስተኛው ነው እኔን የሚያሳምነኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ ለክርክር ክፍት ናቸው።

ደሞ የክስ ማቋረጥ የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ነገሩን ይበልጥ ያደበዝዘዋል። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ ግንቦት 2005 ላይ በሙስና ተይዘው አምስት ዓመት ታሰሩ። እሳቸው ደሞ የሚኒስትር ማዕረግ ስላላቸው ጉዳያቸው በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ሲባል ታዲያ ይግባኝ የምለው የት ነው የሚል ጥያቄ ተነስቶ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ደርሶ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታይ ተባለ፣ ይሄ እንኳን ለሌላው ሰው ጥሩ ነገር ጥሎ አልፏል። ግን ግንቦት 2010 ላይ፣ ዘመን ሲቀየር፣ ክሱ ተቋረጠና ወጡ፣ በኋላም በ2014 ሚኒስትር ሆኑ። ክስ ተቋረጠ ማለት ነፃ ተባሉ ማለት አይደለም፣ ጥፋተኛ ነበሩም ማለት አይደለም፣ ጥያቄው ሳይመለስ መዝገቡ ተዘጋ ማለት ነው። አምስት ዓመቱ ፖለቲካ ነበር ወይስ መፈታቱ ነው ፖለቲካው? ሁለቱንም የሚል ሰው ቡና ቤት ውስጥ አታጣም፣ መዝገቡ ግን ለአንዱም አይመሰክርም። በበኩሌ ከጥፋተኝነት ፍርድ ይልቅ እንዲህ ዓይነቱ በይፋ ያልተቋጨ ነገር ነው ጥርጣሬውን ለትውልድ የሚያወርሰው ብዬ አስባለሁ።

ብርቱካን ደሞ ኅዳር 2011 ላይ ከስደት ተመልሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች፣ እስከ 2015 ሠራች። ይሄን ማከል ያለብኝ ታሪኩ እንዳይጎድል ብዬ ነው እንጂ ወደ ሌላ ወሬ ነው የሚወስደን።

ከዛ በኋላ ሕጉ ምን ሆነ ለሚል፣ በ1997ቱ አዋጅ ጠቅላላ ክልከላው ቀርቶ፣ የተከሰሰበት የሙስና ወንጀል ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና እንዲከለከል ተደረገ። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ የመክሰስ ሥልጣንም በ2008 ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። በወረቀት ላይ ተሻሽሏል፣ የተሻሻለውን አልክድም። ግን ልደታ ችሎት ውስጥ ግማሽ ቀን ብትቀመጡ የምታዩት ነገር አለ። ለአንድ ድርጊት ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ሦስት አንቀጽ መምረጥ ይችላል፣ አንደኛው እስከ ሰባት ዓመት የሚያስቀጣ ነው እንበል፣ ሌላኛው ከአስር በላይ። የመረጠው ሁለተኛውን ከሆነ፣ ማስረጃ ገና አልተሰማም፣ ዳኛው ገና ምንም አላየም፣ ዋስትናው ግን አለቀ። ከወራት ወይ ከዓመት በኋላ ዳኛው አንቀጹን ቀይሮ ቀለል ባለው ተከላከል ይላል፣ ሰውየው ግን እስከዛ ድረስ ታስሯል።

ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ተነሱ፣ ለስምንት ሰዓት ቀጠሮ አላቸው፣ የዋስትና ክርክር ነው አሉ፣ ደንበኛቸው የሚታወቅ ሰው አይደለም፣ አንድ የግዢ ክፍል ሠራተኛ። "የትኛው አንቀጽ?" አልኳቸው። "ትልቁ" አሉኝና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።